ቨርጂኒያ፦ ሚድልበርግ አካባቢ የሚኖር ሀበሻ አለ? የፈረስ እርሻ ግቢ ውስጥ ቤት ልንከራይ ነው

የአሌክሳንድሪያው
ሰላም ለሁላችሁ። እኔና ባለቤቴ ከሁለት ልጆች ጋር አሌክሳንድሪያ ባለሁለት መኝታ አፓርትመንት ውስጥ ተጣበን ነው የምንኖረው። እኔ የምሠራው ደለስ ኤርፖርት ነው፣ የጠዋት ሺፍት። እሷ ነርስ ናት፣ በቅርቡ ሊስበርግ ሥራ አግኝታለች። ሁለታችንም በየቀኑ ወደ ምዕራብ ነው የምንነዳው፣ ቤታችን ደግሞ ምሥራቅ።

አንዲት የሥራ ባልደረባዬ ከሚድልበርግ ወጣ ብሎ ያለ ትንሽ ቤት አሳየችን። ትልቅ የፈረስ እርሻ ግቢ ውስጥ ነው፣ ድሮ የእርሻው ሠራተኞች ይኖሩበት የነበረ። ኪራዩ አሁን ከምንከፍለው ብዙም አይበልጥም። ልጆቹ ፈረሶቹን ሲያዩ መኪና ውስጥ አንገባም ብለው አለቀሱ። መንገዱ ግን ከአስፋልቱ ከወጣህ በኋላ ፒስታ ነው፣ የቅርብ ጎረቤት ቤት በሜዳው ማዶ ነው የሚታየው፣ ስልኬም እዛ ስደርስ ሲግናል አጣ። ባለቤቴ ፈርታለች። እዛ አካባቢ የኖረ ካለ እውነቱን ንገሩኝ። ኑሮው እንዴት ነው?

ፐርስልቪል ነኝ
ወንድሜ እንኳን ጠየቅህ። እኔ ከአንተ ትንሽ ወደ ሰሜን ነኝ፣ ግን ከከተማው ውጭ ስለምኖር ጉዳዩ አንድ ነው። ሰው ስለ ፈረሱ ያወራል፣ እኔ ስለ ውሃው ልንገርህ።

እዛ የቧንቧ ውሃ የለም። ጉድጓድ ነው፣ ውሃውን የሚስበው ደግሞ የኤሌክትሪክ ፓምፕ ነው። ስለዚህ መብራት ሲጠፋ ውሃም አብሮ ይጠፋል። አዲስ አበባ ቢያንስ በየተራ ነበር የሚጠፉት። ዛፍ ስለሚበዛ ነፋስ በነፈሰ ቁጥር ሽቦ ላይ ይወድቃል፣ ኃይለኛ በረዶ ሲመጣ ደግሞ አንዳንዴ ከአንድ ቀን በላይ ይቆያል። እኛ ማዕበል ይመጣል ሲባል የመታጠቢያውን ገንዳ ሞልተን ነው የምንተኛው፣ ለሽንት ቤት። የሚጠጣ ለብቻው ይቀመጣል። ጄኔሬተር ካለ አከራዩን ጠይቀው፣ ከሌለ ማን እንደሚገዛ ተነጋገሩ።

ውል ከመፈረምህ በፊት የጉድጓዱ ውሃ መቼ እንደተመረመረ ጠይቅ። ባክቴሪያና ናይትሬት፣ ሁለቱንም። በተለይ ፋንድያ የሚከመርበት ቦታ ለጉድጓዱ ቅርብ ከሆነ ዝም ብለህ አትለፍ። በደቂቃ ስንት ጋሎን እንደሚሰጥም ጠይቅ፣ ደካማ ጉድጓድ ከሆነ ሁለት ሰው ታጥቦ ልብስ ማጠቢያው ሲነሳ ውሃው ያልቃል።

ፍሳሹም ወደ ሴፕቲክ ታንክ ነው የሚሄደው። በየ3 እስከ 5 ዓመቱ መመጠጥ አለበት፣ መጨረሻ መቼ እንደተመጠጠ ወረቀት አሳየኝ በለው። የወጥ ዘይትና ቅቤ ሲንክ ውስጥ አይደፋም። የሕፃን መጥረጊያ እንደ ሶፍት ሽንት ቤት አይጣልም፣ ፓኬቱ ላይ ምንም ቢጻፍ።

ኢንተርኔቱን ደግሞ ኩባንያውን አትጠይቅ፣ ሁሉም «አለ» ነው የሚሉህ። ጎረቤቱን አንኳኩና ጠይቅ።

የደለስ ሹፌር
እኔ በታክሲም በሊሞም ያንን መንገድ ስመላለስበት ነው የኖርኩት፣ ስለዚህ ስለ መንገዱ።

ሩት 50 ሳውዝ ራይዲንግን ትንሽ እስክታልፍ ድረስ ሰፊ ነው፣ ከዛ ወዲያ በየአቅጣጫው አንድ አንድ ሌን ነው የሚቀረው። ኦልዲ ውስጥ ቀስ ነው፣ ሚድልበርግ ውስጥ 25 ማይል ነው፣ ፖሊሱም አይተኛም። ከቤትህ ደለስ ያለ ትራፊክ ግማሽ ሰዓት ወይ ትንሽ ቢበልጥ ነው። አንተ ጠዋት በጨለማ ስለምትወጣ ተመችቶሃል። ባለቤትህ ግን ጊልበርትስ ኮርነር ካሉት አደባባዮች ወደ ሰሜን በሩት 15 ነው የምትሄደው፣ እሱም አንድ ሌን ነው፣ ጠዋት ይቆማል። ግሪንዌይ ለናንተ አቅጣጫው አይሆንም። ተመስገን በል፣ አንድ ጉዞ ከ5 ዶላር በላይ ነው የሚያስከፍለው፣ የግል መንገድ ስለሆነ። ሜትሮ ብትፈልጉ የሲልቨር ላይን መጨረሻ አሽበርን ነው፣ ከ2022 ኖቬምበር ጀምሮ ይሠራል፣ ግን እስከዛ መንዳት አለባችሁ።

አጋዘኑ ቀልድ አይደለም። ኦክቶበርና ኖቬምበር ላይ ወንዱ ሴቷን ሲያባርር መኪና አያይም። አንድ ካለፈ ሁለተኛው ከኋላ አለ ብለህ ቁም። ማታ ማታ ፍጥነትህን ቀንስ፣ ሌላ መድኃኒት የለውም።

ሌላው፣ ፈረስ ጋላቢ መንገድ ላይ ታገኛለህ፣ በተለይ ፒስታው ላይ። ክላክስ እንዳትነካ። ጋላቢዋ እጇን ዘርግታ ወደ ታች ዝቅ ከፍ ስታደርግ ቀስ በል ማለቷ ነው። ቀስ ብለህ፣ ሰፋ አድርገህ እለፍና ካለፍክ በኋላም ነዳጅ በአንዴ አትርገጥ፣ የጠጠሩ ድምፅ ነው ፈረሱን የሚያስበረግገው። እጅህን ካነሳህላት ሰላም ትልሃለች። ካላነሳህ ደግሞ በሳምንቱ መንደሩ ሁሉ መኪናህን ያውቃታል።

አራዳ ከሲልቨር ስፕሪንግ
እናንተ ሰዎች ጤነኛ ናችሁ? ከገጠር ወጥተን፣ ባሕር ተሻግረን፣ ተምረን፣ መልሰን ፋንድያ እናሽት? ሚድልበርግ እኮ በ2020 ቆጠራ 700 ሰው እንኳ አልሞላም። እኔ ያለሁበት ሕንፃ ውስጥ ከዛ የሚበልጥ ሰው አለ፣ ግማሹም ሀበሻ ነው። ለቅሶ ሲሆን ማን ይደርስልሃል? ቡና ማን ያጣጣሃል? ልጆችህስ አማርኛ ከማን ይሰማሉ፣ ከፈረሱ? ቤቱ በደንብ ይስፋ፣ ሰው ከሌለበት ምን ያደርጋል። ደግሞ የሀብታም ሀገር ነው፣ ጥቁር ሰው አይታይም። እኔ አንዴ ቅዳሜ ልንዝናና ሄደን አንዲት ሳንድዊች የከፈልኩበትን አስታውሼ አሁንም ያመኛል።

ባዝራ
አራዳው ሳቅ አስጀመርከኝ። እኔ ያንን ፋንድያ ነው የምዝቀው፣ ተከፍሎኝ።

የደብረ ብርሃን ልጅ ነኝ። አፐርቪል አጠገብ ያለ ጋጣ ውስጥ ነው የምሠራው። ጠዋት ገና ሳይነጋ እገባለሁ። መብራት ሳበራ ሁሉም አንገታቸውን በበሩ ላይ አውጥተው ያጉረመርማሉ፣ በተለይ አንዲት ሽማግሌ ባዝራ አለች፣ በፊት እግሯ በሩን ካልደበደበች አጃዋ የሚመጣ አይመስላትም። ካበላሁ በኋላ የእያንዳንዱን አራት እግር በእጄ ከጉልበት እስከ ሰኮና እዳብሳለሁ። ሙቀት ወይ እብጠት ካለ ከዓይን በፊት እጅ ነው የሚያውቀው። ከዛ ሰኮና ይፋቃል፣ ጠጠር ይወጣል፣ የማታው ብርድ ልብስ ይወልቅና የቀኑ ይለበሳል። አዎ፣ ለማታ ሌላ፣ ለዝናብ ሌላ፣ ለበጋ ዝንብ ደግሞ እንደ ወንፊት የሳሳ አለ። አባቴ ይህንን በስልክ ስነግረው ዝም አለና «አንቺስ ለብሰሻል ወይ?» አለኝ።

እናንተን የሚመለከተው ይሄ ነው። የፈረስ ግቢ ውስጥ መከራየት ማለት የሰው የሥራ ቦታ ውስጥ መኖር ማለት ነው። ልጆቹን መጀመሪያ የምታስተምሩት የበሩን ሕግ ነው፦ በር ተዘግቶ ካገኘኸው ዝጋው፣ ተከፍቶ ካገኘኸው ክፍት ተወው። አንድ በር ተረስቶ ፈረስ ሩት 50 ላይ ከወጣ ሰውም ይሞታል ፈረሱም ይሞታል። አጥሩ ብዙውን ጊዜ ኤሌክትሪክ የተለቀቀበት ነው። ሁለተኛ፣ በአጥር ላይ ዳቦና ፖም ማብላት የለም። ባለቤቶቹ ይከፋቸዋል ብዬ ሳይሆን ፈረስ ማስታወክ ስለማይችል ነው። ሆዱን ከነፋው ወይ አንጀቱ ከተጠማዘዘ መውጫ የለውም፣ ሌሊቱን ተጎትቶ ሊስበርግ ወዳለው የቨርጂኒያ ቴክ የፈረስ ሆስፒታል ነው የሚሄደው፣ ኦፕሬሽኑ የአንዳንዶቻችንን መኪና ዋጋ ነው። የማን ልጅ ምን እንዳበላ ሲጠየቅ እናንተ እዛ መሆን አትፈልጉም።

ሦስተኛ፣ የቀበሮ አደኑ። ከኖቬምበር እስከ ማርች ድረስ ቀይ ኮት የለበሱ ሰዎች ከብዙ ውሾች ጋር በግቢያችሁ በኩል ሊያልፉ ይችላሉ፣ ባለ መሬቱ ከፈቀደላቸው። ጥሩንባ ትሰማላችሁ። ቀበሮውን ያሳድዳሉ እንጂ ብዙውን ጊዜ አይገድሉም፣ ጉድጓዱ ሲገባ ያ ቀን አለቀ። ውሻ ወይ ዶሮ ካላችሁ ጠዋቱን አስገቡ።

ገንዘብ ስትሉኝ ደግሞ፣ ልጆቹ «ፈረስ ግዛልን» ይሉሃል፣ ይህን አሁኑኑ እወቀው። የፈረሱ ዋጋ ትንሹ ነው። እዚህ አካባቢ ጋጣ አስገብቶ ማሳደር በወር ከ1,000 ዶላር በላይ ነው። ሰኮናው በየ6 እስከ 8 ሳምንት ይቆረጣል፣ ጫማ ይቀየራል። ክትባት፣ ጥርስ ማስሞረድ፣ ድርቆሽ። ግልቢያ ማስተማር የሚፈልግ ቦታ ግን ሞልቷል፣ እዛ ይማሩ። ቅዳሜ ጋጣ ጠርገው በምትኩ የሚጋልቡ ልጆች አሉ፣ የምወደው እነሱን ነው።

የእንጅባራ ልጅ
ባዝራ፣ ስምሽ ራሱ ገደለኝ። እኔ ቴክሳስ ነኝ፣ ስለ ሚድልበርግ የማውቀው የለም፣ ግን ፈረስ ሲባል አልፌ መሄድ አልቻልኩም። እኛ አዊ ውስጥ ፈረስ ያርሳል። ያርሳል፣ ይጭናል፣ ሙሽራ ያመጣል፣ ለቅሶ ይደርሳል፣ ጥር 23 ደግሞ እንጅባራ ሜዳ ላይ በጌጥ አብዶ ይወጣል። ያን ቀን ከአባቶች ከአድዋ ዘመን ጋር አያይዘን ነው የምናከብረው። ብርድ ልብስ የሚባል ነገር ግን የለበሰ ፈረስ አላየሁም። በቃ ግላስ።

አንድ ጥያቄ። እዛ ፈረስ ስም አለው? እንደኛ ሰዎቹ በፈረሳቸው ስም ይጠራሉ? አባ ታጠቅ፣ አባ ዳኘው፣ አባ ነፍሶ እንደሚባለው።

ባዝራ
ኧረ እነሱ በፈረስ ስም አይጠሩም። ግን እዚህ መንደር ሰውየውን ሳያውቁ ፈረሱን የሚያውቁ ብዙ ናቸው፣ «የዚያ የዳማው ባለቤት» ይባላል። ፈረሱ ራሱ ሁለት ስም አለው። የወረቀትና የቤት። ቶሮብሬድ፣ ማለት የእሽቅድምድም ዘር፣ ከሆነ የወረቀት ስሙ ክፍተቱም ተቆጥሮ ከ18 ፊደል አይበልጥም። እና የሚያስቅህ፣ እዚህ አሜሪካ ቶሮብሬዶች ሁሉ መቼም ይወለዱ መቼ፣ ለውድድር ዕድሜያቸው የሚቆጠረው ከጃንዋሪ 1 ነው። ሁሉም የተወለዱት ጃንዋሪ 1!

የደለስ ሹፌር
እንደኛ ሰው ማለት ነው! የኔም መንጃ ፈቃድ ላይ የልደት ቀኔ ጃንዋሪ 1 ነው። ወንድሜም፣ አክስቴም። የልደት ቀናችን ያልተመዘገበ የስደተኛ ካምፕ ልጆች ሁላችን ቶሮብሬድ ነን።

የእንጅባራ ልጅ
😂😂😂 በቃ ዛሬ ሥራ አልሠራም።

ሴንት ልዊስ መንገድ
ወደ ቁም ነገሩ ልመልሳችሁ። ዓመቶቹን በፈረንጅ ነው የምጽፈው።

አራዳው «ጥቁር ሰው አይታይም» ብሏል። ሀብታም ሀገር መሆኑ እውነት ነው፣ ሚድልበርግ ያለችበት ላውደን ካውንቲ በቤተሰብ ገቢ ከአሜሪካ አንደኛ ሲባል ስንት ዓመቱ። ግን ከሚድልበርግ ትንሽ ምዕራብ ሴንት ልዊስ የሚባል መንደር አለ፣ ከባርነት ነፃ የወጡ ሰዎች የመሠረቱት። የልጅ ልጆቻቸው ዛሬም አሉ። እነዚህ ሀብታሞች የሚኮሩባቸውን ፈረሶች ሲገሩ፣ ሲያስተምሩ፣ ሲያበሉ የኖሩ ብዙዎች ከዛ መንደር ናቸው። ከተማው ዳር ያለውን ትልቁን ሳላማንደር ሪዞርት ያሠራችውም ሺላ ጆንሰን የምትባል ጥቁር ሴት ናት፣ ቢ ኢ ቲ ቴሌቪዥንን ከመሠረቱት አንዷ። በ2013 ነው የተከፈተው። ቡና ቤት ገብተህ የሚያይህ ሰው አይጠፋም፣ ያንን አልዋሽህም። ግን ሦስተኛ ጊዜ ስትገባ ስምህን ያውቁታል።

ሌላው ሰው የማይገባው፣ ይሄ ሁሉ ሜዳ ዋሽንግተን 40 ማይል ገደማ ላይ ሆና እንዴት ባዶ ቀረ የሚለው ነው። በራሱ አልቀረም። የፈረሱ ሀብታሞች ስለሚፈልጉት ነው። ሚድልበርግ በ1787 ነው የተቆረቆረችው፣ አፐርቪል የፈረስ ትርዒት ከ1853 ጀምሮ አለ፣ ከአሜሪካ አንጋፋው ነው፣ ጃክሊን ኬኔዲም እዚህ ነበር የምትጋልበው። በ1993 ዲዝኒ ሄይማርኬት ላይ ትልቅ የመዝናኛ ፓርክ እሠራለሁ ብሎ ሲመጣ እነዚህ ሰዎች ጠበቃም ታሪክ ጸሐፊም ይዘው ተነሱበት፣ በሚቀጥለው ዓመት ሴፕቴምበር ላይ ትቶት ሄደ። ብዙው መሬት ደግሞ እንዳይቆራረስ በሕግ ታስሯል፣ ባለቤቱ ቢፈልግም ቤት ደርድሮ መሸጥ አይችልም። አሽበርን በኩል ዞር ብላችሁ መስኮት የሌላቸውን የዳታ ሴንተር ሕንፃዎች እዩ፣ ካውንቲው አንድ ነው።

እኔ በዚህ ነገር ሁለት ልብ ነኝ። ሜዳውን እወደዋለሁ። ግን ያው ሕግ ነው ቤት እንዳይሠራና ዋጋው እንዳይወርድ ያደረገው። ጋጣ የሚጠርገው፣ ሬስቶራንት የሚሠራው ሰው እዛ ቤት አያገኝም፣ ከዌስት ቨርጂኒያና ከዊንቸስተር እየነዳ ነው የሚመጣው። አንተ ያገኘኸው ዓይነት የሠራተኛ ቤት ብርቅ ነው። ስለዚህ ካሰብክበት ቶሎ አስብ።

የአሌክሳንድሪያው
እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ሁላችሁንም። ሳላማንደርን ሆቴል ብቻ ነበር የሚመስለኝ። ባለቤቴ ከጎኔ ሆና ስታነብ ቆይታ ስልኩን ነጥቃኛለች።

የአሌክሳንድሪያው
ባለቤቱ ነኝ። ቀልዱን ተዉልኝና ሦስት ነገር ንገሩኝ። ሌሊት ልጅ ትኩሳት ቢይዘው፣ በረዶ ቢጥል፣ እሱ ደግሞ ሥራ ላይ ቢሆን ከዛ ግቢ እንዴት ነው የምወጣው? ሁለተኛ፣ መዥገር አለ አሉ። ሦስተኛ፣ እንጀራ።

ፐርስልቪል ነኝ
እህቴ፣ ትክክለኛውን ጥያቄ ያመጣሽው አንቺ ነሽ።

በረዶውን ልብ ብለሽ ስሚ። የስቴቱን መንገድ ስቴቱ ይጠርጋል፣ ፒስታውንም ጨምሮ፣ ግን ፒስታው መጨረሻ ነው የሚደርሰው። ከመንገዱ እስከ ቤታችሁ ያለው የግቢው መግቢያ ግን የግል ነው፣ እሱን ስቴቱ አይነካም። እርሻው ትራክተር ይኖረዋል፣ ፈረሶቹን ለማብላት ሠራተኛ መግባት ስላለበት ዋናውን መግቢያ ይጠርጉታል። እናንተ ጋ ያለችው ቅርንጫፍ መንገድ ትጠረጋለች ወይ? በምን ያህል ሰዓት? ይሄ ውሉ ላይ ይጻፍ። በቃል «አይዞሽ» አይበቃም። ሲግናል ስለሌለ ስልኩን በዋይፋይ እንዲደውል አስተካክሉት፣ መብራት ሲጠፋ ግን ዋይፋዩም ይጠፋል፣ ስለዚህ ለራውተሩ ትንሽ ባትሪ ግዙለት። 911 ስትደውሉ የምትናገሩት የቤት ቁጥር መግቢያው ላይ በሚታይ ነገር መለጠፍ አለበት። በሌሊት አምቡላንስ ግቢ አሳስቶ ሲዞር አይቻለሁ።

መዥገር አለ፣ ብዙ አለ። ላይም የሚባለው በሽታ በላውደን የታወቀ ነው። ማታ ልጆቹን ስታጥቢ ከጆሮ ኋላ፣ ብብት፣ ጉልበት ኋላ፣ ፀጉር ውስጥ ፈልጊ፣ ትንሿ የሰሊጥ ፍሬ አታክልም። በትዊዘር ከቆዳው ጠጋ ብለሽ ቀጥ አድርገሽ ሳቢ። ቅባት፣ ክብሪት፣ አልኮል እያሉ የሚነግሩሽን አትስሚ። ቀይ ክብ ከወጣ ወይ ትኩሳት ከመጣ ሐኪም ጋ። ነርስ ነሽ፣ ከኔ በላይ ታውቂዋለሽ።

ባዝራ
እንጀራ እኔ ቅዳሜ ነው የምጋግረው፣ ለሳምንት። ምጣዱን ከመሰካትሽ በፊት ግን የቤቱን ሽቦ አሳዪ፣ እነዚያ የድሮ የሠራተኛ ቤቶች ኤሌክትሪካቸው ደካማ ነው፣ ምጣድና ማሞቂያ አንድ መስመር ላይ ከሆኑ ፊውዙ ይመታል። ጋራዥ ወይ በረንዳ ላይ ብትጋግሪ ይሻላል። መጋገር ካልፈለግሽ ስተርሊንግና አሽበርን በኩል የሀበሻ ሱቅ አለ፣ ከሥራ ስትመለሺ ትንሽ ዞር ብለሽ ነው። ቤተ ክርስቲያን ግን ሩቅ ነው፣ እሑድ ገና በጨለማ ነው የምነሳው። ለፈረስም ስለምነሳ ለምጄዋለሁ።

ስለ ሰው ደግሞ፣ ዲሴምበር የመጀመሪያው ቅዳሜ ሚድልበርግ ኑ። ጠዋት ጋላቢዎቹ ከነውሾቻቸው በዋናው መንገድ ያልፋሉ፣ ከሰዓት ሰልፍ አለ። ልጆቹ ይወዱታል። መኪና ግን ቀድማችሁ አቁሙ። ሜይ የመጀመሪያው ቅዳሜ ደግሞ ዘ ፕሌንስ ላይ የጎልድ ካፕ የፈረስ ውድድር ስላለ ያን ቀን ወደ ደቡብ የምትነዱ ከሆነ ሌላ ቀን አድርጉት።

አራዳ ከሲልቨር ስፕሪንግ
እህቴ ከገባሽ ለፋሲካ እንመጣለን። ሜዳ ካለ በግ የሚታረድበት አይጠፋም።

ሴንት ልዊስ መንገድ
አከራዩን ሳታስፈቅዱ እንዳትሞክሩት። ፈረስ የደም ሽታ ይረብሸዋል፣ ጎረቤቱን ደግሞ ከፈረሱ በላይ።

የአሌክሳንድሪያው
አሁንም ባለቤቱ ነኝ። ሐሙስ ዝናብ አለ ተብሏል፣ ማታ ከሥራ መልስ ሄደን ፒስታውን በጭቃና በጨለማ እናየዋለን። የጉድጓዱን ምርመራ፣ የሴፕቲኩን ወረቀትና የበረዶ ጠራጊውን ነገር ዝርዝር አድርጌ ጽፌዋለሁ፣ ለአከራይዋ ዛሬ ልኬላታለሁ። መልስ ከሰጠች እዚህ እጽፋለሁ። ባዝራ፣ የግል መልእክት ልኬልሻለሁ፣ እዪው።

የእንጅባራ ልጅ
ፎቶ ላኩ። የቤቱን ሳይሆን የፈረሶቹን።